የጫማ የውስጥ ሶል ሲጠቀሙ ባትዎና ቅልጥምዎ እንዳይታመም፦ ዝርዝር መመሪያ

የውስጥ ሶል ገዝተው ጫማቸው ውስጥ ካስገቡ ሰዎች ብዙዎቹ ሳምንት ሳይሞላቸው መልሰው ያወጡታል። የተረከዝ ሕመማቸው ቀለል ቢልም ባታቸው ይወጠራል፣ ቅልጥማቸው በፊት በኩል ይቃጠላል፣ ወይም ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው የውጭ ጎን ይዝላል፤ ከዚያም «አልተስማማኝም» ብለው ይተዉታል። ሶል የጡንቻን ሥራ አያስቀርም፤ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ያሸክማል። አዲስ ሸክም የተሰጠው ጡንቻ ለመልመድ ቀናት ያስፈልጉታል፣ የተሳሳተ ሶል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይለምደውም። ይህ መመሪያ በመሀል አዲስ አበባ በእግሩ ለሚመላለስ ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ሳያዛቡ ይከተሉት።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሐኪም የሚቀድምባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ካለብዎ ሶል አይግዙ፤ መጀመሪያ ይታከሙ።

- የአንድ እግር ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ሲነካ ካመመ፣ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረበት አንድ ሰዓት እንኳ አይጠብቁ።
- ሲራመዱ ወይም ሲሮጡ ከተረከዝ በላይ በድንገት ቋ ብሎ፣ ከዚያ በኋላ በጣት መቆም ካቃትዎ፣ የተረከዝ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።
- የእግርዎን ጫፍ ማንሳት ካቃተዎና መሬት ላይ የሚጎተት ከሆነ፣ ችግሩ ከነርቭ ወይም ከወገብ ሊመጣ ይችላል።
- ቅልጥም አጥንት ላይ በአንድ ጣት ጫፍ የሚሸፈን ነጥብ ብቻ ካመመና ሌሊትም ካልተወዎ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ እንዳይሆን ያስመርምሩ።
- የስኳር ሕመም ካለብዎና የመርገጫዎ ስሜት ከደነዘዘ ያለ ባለሙያ ምንም ዓይነት ሶል አያስገቡ፤ የማይሰማዎት መፋቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁስል ይሆናል።

በሰፊው የማይታወቅ አንድ ነገር ልጨምር። ሲፕሮፍሎክሳሲንና የዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጅማትን ሊጎዱ፣ አልፎ አልፎም ሊያስበጥሱ ይችላሉ፤ አደጋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይጨምራል። እንዲህ ያለ መድኃኒት እየወሰዱ ወይም በቅርቡ ጨርሰው የተረከዝ ጅማትዎ መታመም ከጀመረ፣ በሶል ለማስታገስ ከመሞከርዎ በፊት መድኃኒቱን ላዘዘልዎት ሐኪም ይንገሩ።

ደረጃ 1፦ የትኛው ጡንቻ እንደሚደክም ይለዩ

አንድ እግር በእርምጃ ዑደት ውስጥ 60 በመቶ ያህሉን ጊዜ መሬት ላይ፣ የቀረውን ደግሞ አየር ላይ ያሳልፋል። ተረከዝ መሬት ሲነካ የቅልጥም ፊት ጡንቻ የእግሩን ጫፍ ቀስ አድርጎ ያወርዳል። ሰውነት በእግሩ ላይ ሲያልፍ ሶሊየስ የሚባለው ጥልቁ የባት ጡንቻ ቅልጥም ወደ ፊት ቶሎ እንዳያዘነብል ይይዛል፤ በዚያው ጊዜ ከቅልጥም አጥንት ጀርባ ተነስቶ በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ሥር የሚያልፈው ጡንቻ የእግርን መሀል ቅስት ይደግፋል፣ በውጭ በኩል የሚወርደው ፔሮኒየስ የሚባለው ጡንቻ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ወደ ውጭ እንዳይታጠፍ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ ሶሊየስና ከላዩ ያለው ወፍራሙ የባት ጡንቻ በተረከዝ ጅማት አማካይነት ሰውነትን ወደ ፊት ይገፋሉ።

1. በተለመደው ጫማዎ፣ ምንም ሶል ሳይጨምሩ፣ የዘወትር መንገድዎን ይሂዱ።
2. ማታ ቁጭ ብለው አራት ቦታዎችን በአውራ ጣት ይጫኑ፦ የባትን መሀል፣ የቅልጥምን የፊት ውጭ ጎን፣ የቅልጥም አጥንትን የኋላ ውስጠኛ ጠርዝ፣ ከውጭው ቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ጎን።
3. የትኛው፣ በየትኛው እግር፣ ምን ያህል እንዳመመዎ ከ0 እስከ 10 ይመዝግቡ።
4. ይህንኑ ቢያንስ ለሦስት ቀናት ይድገሙ።

ይህን ማስታወሻ አይዝለሉ። በኋላ ሶሉ ረድቶ እንደሆነ የሚያውቁት ከዚህ ጋር በማነጻጸር ብቻ ነው፤ ያለ ማስታወሻ ሁሉም ሰው የሚፈርደው በዕለቱ ስሜት ነው።

ደረጃ 2፦ ሦስት አጭር ፍተሻዎች ያድርጉ

*የግድግዳ ፍተሻ።* ባዶ እግርዎን ከግድግዳ ፊት ይቁሙ። ተረከዝዎን ከወለሉ ሳያነሱ ጉልበትዎን አጥፈው ግድግዳውን ያስነኩ፤ እግርዎን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እየወሰዱ፣ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበት ግድግዳ የሚነካበትን የመጨረሻ ርቀት ከአውራ ጣትዎ ጫፍ እስከ ግድግዳው ይለኩ። ርቀቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በእጅጉ ካነሰ የቁርጭምጭሚትዎ መታጠፍ ውስን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ባትዎ በቀላሉ አይለጠጥም ማለት ነው። የሁለቱን እግሮች ልዩነትም ይመዝግቡ።

*በአንድ እግር በጣት መቆም።* ግድግዳ በጣትዎ ብቻ ነካ አድርገው፣ ጉልበትዎን ሳያጥፉ፣ በአንድ እግር ተረከዝዎን ወደ ላይ ያንሱና ያውርዱ። ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት የጤነኛ ጎልማሳ መለኪያ 25 ጊዜ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ቁጥሩ መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። ሌላ ሰው ከኋላዎ ሆኖ ተረከዝዎን ይመልከት፤ ሲነሱ ተረከዝ በትንሹ ወደ ውስጥ ማዘንበል አለበት። አንድ ጊዜ እንኳ መነሳት ካቃትዎ፣ ወይም ተረከዝ ወደ ውጭ እንዳዘነበለ ቀርቶ የውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ሥር ካመመ፣ ቅስትን የሚደግፈው ጅማት ስለተጎዳ ሊሆን ይችላልና ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።

*የእርጥብ እግር ዱካ።* በደረቅ ሲሚንቶ ላይ በረጠበ እግር ይርገጡና ዱካውን ይመልከቱ። ከዚህ ፍተሻ ብዙ አይጠብቁ። ዱካዎ ሙሉ ሆኖ፣ ማለትም ቅስትዎ ዝቅ ብሎ፣ ምንም የማያምዎት ከሆነ ሶል አያስፈልግዎትም። ጠፍጣፋ እግር በራሱ በሽታ አይደለም፤ ሻጮች ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያሳዩዎት ይህንኑ ዱካ ነው።

ደረጃ 3፦ ለጡንቻው የሚስማማውን ዓይነት ይምረጡ

*ተረከዝ ማንሻ።* ከተረከዝ ሥር ብቻ የሚገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው። ተረከዝን ከፍ በማድረግ የባትንና የተረከዝ ጅማትን መለጠጥ ይቀንሳል። በግድግዳው ፍተሻ አጭር ርቀት ላገኙና ዳገት ሲወጡ ተረከዛቸው ቶሎ ለሚነሳ ሰዎች ይስማማል። ሐኪም የእግር ርዝመት ልዩነት እንዳለብዎ ለክቶ ካልነገረዎት በስተቀር ሁልጊዜ በሁለቱም ጫማዎች እኩል ያስገቡ፤ በአንዱ ብቻ ማስገባት ዳሌንና ወገብን ያዛንፋል።

*ቅስት ደጋፊ።* መሀሉ ከፍ ያለ፣ የተረከዝ ጎድጓዳ ያለው፣ ሲጫኑት የማይሰምጥ ሶል ነው። ጠፍጣፋ እግር ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ የጡንቻ ኤሌክትሪክ ልኬቶች ቅስትን የሚደግፈው የውስጥ ጡንቻ ሥራ ሲቀንስ፣ የውጭው የፔሮኒየስ ሥራ ግን ሲጨምር ታይቷል። የቅልጥምዎ ውስጠኛ ጠርዝ የሚታመም ከሆነ ይህን ይሞክሩ። ሕመሙ ቀድሞውኑ በውጭ ጎን ከሆነ፣ ወይም ቁርጭምጭሚትዎ ወደ ውጭ የመታጠፍ ልማድ ካለው፣ ከፍ ያለ ቅስት ደጋፊ አይግዙ፤ ያባብስብዎታል።

*ልስልስ ስፖንጅ ወይም ጄል።* ለቆዳና ለተረከዝ ምቾት ይሰጣል። ሆኖም ወፍራምና በጣም ልስልስ ከሆነ መርገጫው ይዋልላል፤ ያንን ለማረጋጋት በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች ሁሉ ተጨማሪ ሥራ ይሠራሉ። ቀኑን ሙሉ ቆመው ለሚውሉ ሰዎች ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠበቅ ያለ ስፖንጅ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲጫኑት በጣም የሚያስደስተው ሶል ብዙውን ጊዜ በመንገድ ላይ ቀድሞ የሚያደክመው ነው።

በልክ የሚሠራው ሶል ውድ ስለሆነ ብቻ ይሻላል ብለው አያስቡ። ለተለመደው የተረከዝ ሥር ሕመም ዝግጁውና በልክ የተሠራው ሶል የሚሰጡት ውጤት ተቀራራቢ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። በልክ ማሠራት የሚያስፈልገው የእግር ቅርጽ በግልጽ ለተዛባ፣ ለደነዘዘ ወይም ቁስል ለነበረው ሰው ነው።

ደረጃ 4፦ ጫማውን ያዘጋጁ፣ ሶሉን ያስገቡ

ከሁሉም በላይ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ይበሉ።

1. ግዢውን ከሰዓት በኋላ ያድርጉ፤ እግር በውሎ ብዛት ስለሚያብጥ ጠዋት የበቃ ጫማ ማታ ሊጠብ ይችላል። ሶሉን የሚያስገቡበትን ጫማና የሚያዘወትሩትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ።
2. ጫማው ራሱ ያላለቀ መሆኑን ይመርምሩ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይመልከቱት፤ ታኮው በአንድ ጎን ካለቀ በዚያ ላይ የሚገባ ማንኛውም ሶል አብሮ ያዘነብላል። መጀመሪያ ታኮውን ጫማ ሰፊ ዘንድ ያስተካክሉ።
3. የፋብሪካውን የውስጥ ሶል ያውጡ። ሙሉ ሶል በሶል ላይ መደረብ ተረከዝን ከጫማው የኋላ ማቀፊያ በላይ ያነሳዋል፤ ጣቶች ጫማው እንዳይወልቅ መጨበጥ ይጀምራሉ፣ ቅልጥምም አብሮ ይደክማል። የቆዳ ጫማው ሶል በማስቲሽ የተጣበቀ ከሆነ በኃይል አይገንጥሉት፤ በዚያ ጫማ ላይ ቀጭን ወይም ግማሽ ሶል ይጠቀሙ።
4. የወጣውን አሮጌ ሶል በአዲሱ ላይ ተረከዝ ከተረከዝ አስተካክለው ያስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩ። ትርፉን ከጣት በኩል ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ ይቁረጡ። ከተረከዝ በኩል ፈጽሞ አይቁረጡ፤ የቅስቱ ቦታ የሚወሰነው ከተረከዝ ተነስቶ ነውና አንድ ሴንቲ ሜትር ቢያጥር ቅስቱ ከቦታው ወጥቶ የመርገጫን ሥጋ ይወጋል።
5. ሶሉን ካስገቡ በኋላ ተረከዝዎን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ወደ ኋላ ያስጠጉ፤ ማሰሪያውን የሚያጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው።
6. ቆመው ይፈትሹ። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር፣ ጣቶች ይንቀሳቀሱ፣ ሲራመዱ ተረከዝ አይውለቅ። ከሦስቱ አንዱ ካልተሟላ ጫማውን ወይም የሶሉን ውፍረት ይቀይሩ።
7. ሶሉ የሚንሸራተት ከሆነ በባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ይያዙት። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በማስቲሽ አያጣብቁ፤ ማስቲሹ ሲደርቅ የሚሠራው ጉብታ እግርን ይፍቃል፣ ሶሉንም ሳይቀደድ ማውጣት አይቻልም። ጫማ ሰፊው በሚስማር ልያዘው ካለ አይፍቀዱ።

ሠራተኞች ለቢሮ ለሚያደርጉት ጠባብ የቆዳ ጫማ ሙሉ ቅስት ደጋፊ እምብዛም አይገባም። እንዲህ ከሆነ ከተረከዝ እስከ ቅስት ብቻ የሚደርሰውን የተቆረጠ ዓይነት ይፈልጉ፤ ወይም መንገዱን በስኒከር ሄደው ቢሮ ሲደርሱ ይቀይሩ።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ

በመጀመሪያው ቀን 1 ሰዓት ብቻ፣ ቤት ውስጥና በሰፈር ለጥ ባለ መንገድ ይጠቀሙበት። በየቀኑ 1 ሰዓት ይጨምሩ። ሰዓቱ ሲሞላ የሚቀይሩት አሮጌ ሶል ወይም ሌላ ጫማ በቦርሳ ይያዙ፤ ይህን ስለማይዙ ብቻ ብዙዎች በመጀመሪያው ቀን ስምንት ሰዓት ይውሉበታል። አብዛኛው ሰው በ2 ሳምንት ውስጥ ሙሉ ቀን ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ስፖርት ወይም ሁለተኛ ዓይነት ሶል አይጨምሩ፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ ያሳመመው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ለስላሳ ድካም፣ ማለትም ከ10 ነጥብ ከ3 የማይበልጥና ሌሊቱን አርፈው ጠዋት የሚጠፋ፣ የመልመድ ምልክት ነው። ከ3 ያለፈ፣ የሚወጋ፣ ወይም ጠዋትም ያልለቀቀ ሕመም ከሆነ ወደ መጨረሻው ያላመመዎት ሰዓት ይመለሱና ለ3 ቀናት እዚያው ይቆዩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ኮብልስቶን ከተነጠፈባቸው የውስጥ መንገዶች ይራቁ። በየእርምጃው ቁርጭምጭሚት የሚያዛባው ድንጋይ የውጭውን ጡንቻ ብቻውን ያደክመዋል፤ በዚህ ላይ ቅስት ደጋፊ ሲጨመር መታጠፍ ይቀላል። በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለልምምድ የተሻሉ ናቸው።

ደረጃ 6፦ ለጥ ባለው፣ ከዚያ በዳገት፣ መጨረሻ በቁልቁለት ይፈትኑ

ሱቅ ውስጥ አምስት እርምጃ ሄዶ «ተስማምቶኛል» ማለት ለመሀል አዲስ አበባ መንገድ አይበቃም። ዳገት የባትን ሥራ ያበዛል፣ ቁልቁለት ደግሞ የቅልጥም ፊት ጡንቻን እየተለጠጠ እንዲያቆም ያስገድደዋል፤ እየተለጠጠ የሠራ ጡንቻ በማግስቱ ይበልጥ ይታመማል።

1. በ1ኛው ሳምንት ከመስቀል አደባባይ በስታዲየም በኩል እስከ ለገሃር ያለውን፣ እምብዛም ዳገት የሌለበትን መንገድ ይጠቀሙ።
2. በ2ኛው ሳምንት ከለገሃር ተነስተው በቸርችል ጎዳና እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ይውጡ። ተረከዝዎ ያለጊዜው የሚነሳ ወይም ባትዎ የሚወጠር ከሆነ ልብ ይበሉ፤ በዚያው ይመለሱ ወይም ታክሲ ይያዙ።
3. ያለ ሕመም ከወጡ በሌላ ቀን እስከ ማዘጋጃ ቤት ይቀጥሉ። ቁልቁለቱን ገና አይሞክሩ፤ ሲመለሱ በታክሲ ይውረዱ።
4. በ3ኛው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በእግር ይውረዱ። እርምጃዎን ያሳጥሩ። የቅልጥምዎን የፊት ጎን የሚፈትሹት በዚያው ቀን ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ነው።

የእግረኛ መንገድ ለውኃ መውረጃ ሲባል ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን አይርሱ። ሁልጊዜ በአንድ ጎን ሄደው በዚያው የሚመለሱ ከሆነ አቅጣጫው ሲለወጥ ዝቅ የሚለው እግርም ይለወጣል፤ ሲሄዱ በእግር፣ ሲመለሱ ሁልጊዜ በታክሲ ከሆነ ግን አንዱ እግር ብቻ ይጎዳል። የአንድ ወገን ሕመም ሲያጋጥም ሶሉን ከመክሰስዎ በፊት ይህን ያጣሩ።

ደረጃ 7፦ አንድ ነገር ሲበላሽ

*ባት ከተወጠረ።* አዲሱ ሶል ከፊት በኩል ወፍራም፣ ከተረከዝ በኩል ቀጭን መሆኑን ያጣሩ፤ እንዲህ ያለው ተረከዝን ከቀድሞው ዝቅ ስለሚያደርግ ባትን ይለጥጣል። ሰዓቱን በግማሽ ይቀንሱ፣ ካልተሻለም በሁለቱም ተረከዞች ሥር ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይጨምሩ።

*የቅልጥም ፊት ከተቃጠለ።* መጀመሪያ ተረከዝ በጫማው ውስጥ እንደሚወልቅ ይመልከቱ። የሚወልቅ ከሆነ ሶሉ ወፍራም ነው፤ ያሳሱት ወይም የላይኛውን የማሰሪያ ቀዳዳ ይጠቀሙ። ማሰሪያው ከእግር በላይ ባለው ጅማት ላይ ከመጠን በላይ ተጠብቆም ሊሆን ይችላል፤ ያላሉት። ቁልቁለቱን ለአንድ ሳምንት ይተዉ።

*ከቁርጭምጭሚት በላይ ውጭ ጎን ከዛለ።* ቅስቱ ከፍ ብሎብዎታል። አይታገሡት። ሶሉን ለጫማ ሰፊ ይዘው ይሂዱና ከታች በኩል ቅስቱን በትንሹ እንዲሞርደው ያድርጉ፤ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር በቂ ነው፣ የተሞረደ አይመለስምና። ውስጡ ባዶ የሆነ የፕላስቲክ ቅስት ከሆነ ግን አይሞረድም፤ ዝቅ ባለ ይቀይሩት።

*ቅስቱ መርገጫን ከወጋ።* ተረከዝ እስከ ኋላ አልገባም ወይም ሶሉ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ደረጃ 4ን ከተራ ቁጥር 5 ጀምረው ይድገሙ።

*ጣቶች ከደነዘዙ።* ጫማው ጠቧል። ወዲያውኑ ያውልቁ፤ ስሜቱ ሲመለስ በቀጭን ሶል ወይም በሰፊ ጫማ ይሞክሩ።

*ጉልበት፣ ዳሌ ወይም ወገብ አዲስ ሕመም ከጀመረ።* ሶሉን ያውጡ። ያለ ሶል በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልለቀቀ ይታዩ።

በደረጃ 1 ከያዙት ማስታወሻ ጋር በ6ኛው ሳምንት ያነጻጽሩ። ቁጥሩ ካልቀነሰ ሌላ ውድ ሶል አይግዙ፤ ሕመሙ ከሌላ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ያሳዩ።

ደረጃ 8፦ ጡንቻውን ያጠናክሩ፣ ማንሻውን ይቀንሱ

ሶል ጡንቻ አያጠነክርም። ስለዚህ ሕመሙ ከ3 በታች ሲሆን በየሁለት ቀኑ ይህን ይሥሩ፦ ግድግዳ ይዘው በሁለት እግር በጣትዎ ይነሡ፣ ሦስት ሰከንድ ወስደው ቀስ ብለው ይውረዱ፤ 15 ጊዜ፣ 3 ዙር። ከዚያ ጉልበትዎን በትንሹ አጥፈው ያንኑ ይድገሙ፤ ጉልበት ሲታጠፍ ሥራው ይበልጥ ወደ ሶሊየስ ይዞራል። ሲቀልልዎት በአንድ እግር ይሥሩት።

የተረከዝ ማንሻ የሚጠቀሙ ከሆነ በአንድ ጊዜ አያውጡት። ባትዎ አጥሮ መሥራት ስለለመደ በማግስቱ ዳገት ላይ ይይዝዎታል። 10 ሚሊ ሜትር ከነበረ ወደ 6፣ ከዚያ ወደ 3 ያውርዱ፤ በእያንዳንዱ ላይ 2 ሳምንት ያህል ይቆዩ፣ በየመሀሉም የግድግዳውን ፍተሻ ይድገሙ። ርቀቱ እየጨመረ ካልመጣ ወደሚቀጥለው አይውረዱ።

በክረምት

የረጠበ ስፖንጅ ይሰምጣል፣ ይሸታል፣ ቆዳን ይልጣል። ማታ ማታ ሶሉን ከጫማው አውጥተው አየር በሚያገኝበት ጥላ ያቁሙት፤ ከሰል ወይም ምድጃ አጠገብ አያድርጉት፤ ሙቀት ቅርጹን ያጣምመዋል፣ ማጣበቂያውንም ያላቅቀዋል። ሁለት ጥንድ ኖሮዎት ቢያፈራርቁ የተሻለ ነው፤ ሁለቱ ግን አንድ ዓይነትና አንድ ውፍረት ይሁኑ። በወር አንድ ጊዜ ተረከዙን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ የተጫነው ጎድጉዶ ከቀረ፣ ወይም የቀኙና የግራው ውፍረት ከተለያየ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ በአዲሱም ሰዓቱን ከ2 ሰዓት ጀምረው ይጨምሩ።